ሰዓት የማይሰማበት ክፍል

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ግፊትሽስ እንዴት ነው፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ዛሬ ደህና ነኝ እያልሽ ትዘይዋለሽ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጆሮዋ ትንሽ ተሻላት? ባለቤትሽስ ከዚያ ከሚያፈስ ጣሪያ ጋር ያለውን ትግል ጨረሰ? እኔ ከግራ ጉልበቴና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ጉልበቴን ያሳበጠው ደረጃ ነው። ንዴቴን ግን ቁጭ ብዬ ካልነገርኩሽ አይወጣልኝም።

የሄድኩበትን ጉዳይ አንቺው ታውቂዋለሽ። ከስንት ዓመት በኋላ የስፌት ቤቴን ዘግቼ ለጉብኝት ስነሳ፣ ወዳጆችሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ልጅሽ መስከረም ላይ እዚያ አሮጌው ከተማ ትምህርት ስትጀምር እነሱ ዘንድ ታርፍ እንደሆነ። ባልና ሚስት ተስማምተው የሚኖሩበት ቤት ካልሆነ ልጄን አልሰድም ብለሻል። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ከእነዚህ የተሻለ ባልና ሚስት ከየት ይመጣል፣ ያገናኘኋቸው እኔ አይደለሁም ወይ አልኩሽ። አዋላጇን ጓደኛዬን ከሰዓት ሠሪው ጋር ያስተዋወቅኩበትን ታሪክ በየድግሱ ሳወራ ሰምተሽ ሰምተሽ አንቺም በቃልሽ ይዘሽዋል።

እንግዲህ ስሚኝማ። ከአውቶቡስ ስወርድ ሁለቱም ቆመው ጠበቁኝ። ተቃቅፈን ተላቅሰን፣ ሻንጣዬን በር ላይ አስቀምጬ ውኃ እንኳ ሳልጎነጭ ወደ አሮጌው ግንብ ወሰዱኝ። ከግንቡ ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወደ ቤተ መዘክሩ። ያ ከተማ እያንዳንዱ ድንጋዩ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን የሚተርክ ሰው ደግሞ በየድንጋዩ ሥር ቆሟል። በማግስቱ የቤተ መንግሥቱ አስጎብኚ ንጉሡ ይተኙበት የነበረውን አልጋ አሳየችን። ዙሪያውን ገመድ አጥረውበታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገመዱን ተሻግሬ ጋደም ማለት አማረኝ።

የልጅሽን ነገር ለማንሳት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከሁለቱ አንዱ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። ያንን ጉልላት አየሽው ይለኛል እሱ። እስቲ እዚህ ጋ ቁሚ ፎቶ ላንሳሽ ትለኛለች እሷ። ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ ደክሞሻል፣ ነገ በሰፊው እንጫወታለን ብለው ወደ መኝታዬ ይገፉኛል። ነገ ሲመጣ ሌላ ግንብ ነው። ጨጓራዬ ተላጠ። የናፈቀኝ እኮ የእነሱ ጨዋታ ነው፤ ድንጋይማ እኛስ ሰፈር መች ጠፋ?

ያስተኙኝ ሰዓት ሠሪው ቤት ውስጥ በሚሠራበት ክፍል ነው። ባለፈው አብረን ሄደን ስናድር የግድግዳው፣ የጠረጴዛው፣ የኪሱ ሰዓት ሁሉ ቀጭ ቀጭ ሲልብን፣ አንቺ ጆሮሽን በጥጥ የደፈንሽበት ክፍል ትዝ ይልሻል? አሁን አንድም ሰዓት የለበትም። እኔ ሞኟ ቁርስ ላይ፣ ለእኔ እንቅልፍ ብላችሁ ሰዓቶቹን ስላነሳችሁልኝ ተባረኩ አልኳቸው። እሷ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች። እሱ ዳቦውን እያየ፣ ኧረ ምንም አይደል አለ። ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ትኩስ ዳቦ ገዝቶ የሚመለሰው እሱ ነው፤ እንዴት ያለ ባል ነው እያልኩ በሆዴ አመሰግነው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጉልበቴ አብጦ አልታጠፍ አለኝ። ጓደኛዬ ለአስቸኳይ ምጥ ተጠርታ ገና ሳይነጋ ወጥታለች። የበሩ ደወል ጮኸ፤ ግድግዳ ይዤ እያነከስኩ ሄጄ ብከፍት ሰዓት ሠሪው ዳቦውን ታቅፎ ቆሟል። ሰው በገዛ ቤቱ ደወል ይደውላል? ቁልፌን ረስቼ ነው አለኝ፣ ይሁን አልኩ። ሻይ ላፍላልሽ ብሎ ወጥ ቤት ገባ። የዕቃ ማስቀመጫውን አንዱን በር ከፍቶ ዘጋ፣ ሌላውን ከፍቶ ዘጋ። ብርጭቆ እየፈለገ ነው። እኔ እንግዳዋ የማውቀውን የብርጭቆ ቦታ እሱ አያውቀውም። ብርጭቆው ወደ መስኮቱ በኩል ተዛውሯል አልኩት። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ እዚህ አልኖርም፣ የማድረው ከሱቄ ጀርባ ነው አለኝ። ለካ ማታ እኔን አስተኝተው እሱ ይወጣል፣ ጠዋት ዳቦ ይዞ ይመለሳል።

ሐዘኑ ቆይቶ ነው የደረሰው፤ መጀመሪያ ደሜ ነው የፈላው። ማታ እሷ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ያዝኳት። ለእናቷ ነግራለች፣ ለሥራ ባልደረቦቿ ነግራለች፣ ጎረቤት ሳይቀር ያውቃል። ያልነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ለምን ብላት፣ ላንቺ መንገሩ ከመለያየቱ ይልቅ ከበደን አለችኝ። በየሰው ፊት የእኔ ሥራ ናቸው እያልሽ ስትኮሪብን፣ አፈረስነው ብለን በምን አፋችን እንንገርሽ አለች። ያ ሁሉ ግንብና ድልድይ እኔን ከቤት ለማራቅ ነበር። ምን አጣላችሁ ብላት ጠብ የለም አለች። እሷ ሌሊት ታዋልዳለች፣ እሱ ቀን ሰዓት ይጠግናል፤ ሲተላለፉ ሲተላለፉ የሚያወሩት አጡ። አጥፊ ቢኖር እሱን ሰድቤ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ማን ይሰደባል?

ስለ ልጅሽ መልሱ ይኸውልሽ። አዋላጇ ትምጣ ብላለች፤ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ቤቱ ጭር ብሎብኛል፣ ድምፅ የሚያሰማ ሰው እፈልጋለሁ ነው ያለችኝ። ባልና ሚስት ያሉበት ያልሽው ግን የለም፤ ሲደብቁኝ እንዴት እንደከፋኝ አይቼ እኔ አንቺን አልደብቅሽም። ሴትየዋ ግን ያቺው ናት። ከሥራ ደክማ ገብታ፣ እየጮህኩባትም ጉልበቴን በጨርቅ ስታስርልኝ ነበር። እኔ ብሆን ልጄን እሰጣታለሁ። ውሳኔው ያንቺ ነው።

ትናንት የመጨረሻ ቀኔ ስለነበር የደወሉ ማማ ይቀረናል አሉ። አሁንማ ምን እንዳይ ነው የምታወጡኝ ልል ቃጥቶኝ ተውኩት። በዚህ ጉልበት አልወጣም፣ እናንተ ውጡና ከላይ ከተማውን ፎቶ አንሱልኝ ብዬ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ተያዩ፣ ግን እንግዳን እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። በጣም ቆዩ፤ ፀሐይዋ ከእኔ አልፋ ማዶ ካለው ግድግዳ ደረሰች። ሲወርዱ ምን አወራችሁ ብዬ እንዳልጠይቅ ምላሴን ነከስኩ። ፎቶ ማንሳቱን ሁለቱም ረስተውታል።

እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ስለ እነሱ ከጠየቀችሽ ደህና ናቸው፣ ግንባቸውም ደህና ነው በያት። ባለቤትሽን ከጣሪያው እንዳይወድቅ አደራ ብላለች በይልኝ። ለትንሹ ልጅሽ ከቤተ መዘክሩ በር ላይ የእንጨት ፈረስ ገዝቼለታለሁ፣ ጅራቱ መንገድ ላይ ተነቅሏልና አይዘንብኝ። ተማሪዋ ልጅሽ ደግሞ በጣም ናፍቃኛለች። እሷን ለመስደድ ከወሰንሽ የምትነሳበትን ቀን አስቀድመሽ ጻፊልኝ። አዋላጇ እኔው ራሴ ጣቢያ ወጥቼ እቀበላታለሁ ብላኛለች። ሰዓት ሠሪውም ዛሬ ሻንጣዬን አውቶቡስ ላይ ሲጭንልኝ፣ እሷ ሳትሰማ፣ ልጅቷን የምቀበላት እኔ ነኝ ብሎኛል። ቀኑን ለሁለቱም እነግራቸዋለሁ፤ አንዱ ስለ ሌላው ግን ከእኔ አፍ አይሰማም።

ናፋቂ ታናሽሽ
ከአሮጌው ከተማ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ለምሳ ከቆመበት ሻይ ቤት
ግንቦት ፬ ቀን