ቀለም ያልተቀባው ድንች ማውጫ

ጥቅምት 26፣ ጠዋት
የማውጫውን ሦስተኛ ጥርስ በየድኩ። ተጣመመ። ይሁን! ማስታወሻዬ፣ ኃላፊዬ ኦቦ ለሜሳ ዛሬም የወርክሾፑን በር ይዘው ቆሙ። በሬ የሚጎትተው ድንች ማውጫ መጀመሪያ ሥዕሉ በወረቀት ተነድፎ ይለቅ፣ ከዚያ አንዴ በደንብ ይሠራ ባይ ናቸው። አምና እንዲያ አደረግን። ስምንት ወር ሥዕል፣ አረንጓዴ ቀለም፣ ጎጆ ከተማ ወስደን አስረከብን። ዛሬ ዶሮ ያድርበታል አሉ። እኔ ግን በቁርጥራጭ ብረትና በባሕር ዛፍ በየሳምንቱ አንድ እሠራለሁ።

ጥቅምት 29
ጎጆ። ብርዱ አጥንት ይገባል። የአምናውን ማሽን የተረከቡት ገበሬ አዴ ድንቄ ማሳ ላይ ነኝ። ድንቹን እንደሚቆርጥ ለምን አልነገሩንም ብዬ ጠየቅኳቸው። ከአምቦ ድረስ ማሽን ይዞ የመጣ እንግዳ ፊት ነውር አይወራም፣ «ገለቶሚ» ብለን አመሰገንን አሉኝ። እኔ ደግሞ በሪፖርቱ «ተቀባይነት አግኝቷል» ብዬ ጽፌያለሁ! በራሴ አፈርኩ።

የዛሬውን አስቀያሚ ማሽን ግን ማንም አላመሰገነም። አዴ ድንቄ በእግራቸው ገፋ አድርገው ሳቁበት። የጥርሱ ክፍተት ሰፊ ነው፣ ትንንሹ ድንች ያመልጣል፣ ትልቁ ይሰነጠቃል። ኧረ ስንቱ! ደስ ብሎኝ ሁሉንም ጻፍኩ።

ኅዳር 4
ሁለተኛው። የጥርሱን ክፍተት አጠበብኩ፣ ጫፉን አዶለዶምኩ። እጀታው ማሳው ላይ ተሰበረ። የአዴ ድንቄ ባል ሳልጠይቃቸው መጥረቢያ አምጥተው ሌላ ጠረቡለት። ከእኔ ይሻላል።

ኅዳር 11
ሦስተኛው። በአንድ ትልም ሁለት ድንች ብቻ ተቆረጠ። ልጭነው ስል አዴ ድንቄ ከለከሉኝ። ድንቹ ሳያልቅ አንሰጥሽም አሉ። ምስጋና የለ፣ ምን የለ! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

አምቦ ስገባ ኦቦ ለሜሳ ጠሩኝ። ሰኞ ሥራችንን የሚያይ ኮሚቴ ይመጣል። ማሽኑን አምጥቼ አረንጓዴ ካልቀባሁ ወርክሾፑን ላስረክብ ነው። የአምናው ሪፖርት ላይ ፊርማቸው አለ፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን ከሴትዮዋ እጅ ነጥቄ ለትዕይንት?

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት
አልቀባም። አላመጣምም።

የወርክሾፑ በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ ማሽኑ ጎጆ፣ አዴ ድንቄ ማሳ ላይ፣ ሥራ ላይ ነው። ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ኑ።

የወርክሾፑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። የሚፈልገው እዚያው ማሳው ላይ ይረከበኝ። የአራተኛውን ማሽን ጥርስ ይዣለሁ። የጎጆ መኪና አንድ ሰው ቀርቶታል፣ ሄድኩ።