ፎጣ ያዥዋ

ውድ ልጄ ፔላጊያ፣

ጎረቤታችን ታሱላ ትልቅ ጥፋት አጥፍታለች። ሌላ ሰው አጋንኖ ሳይነግርሽ ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ቶሎ ቶሎ መጻፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ታገሺኝ።

የስምሽ በዓል፣ ስሟን የወረስሽላት ቅድስት ቀን፣ ዘንድሮ ቅዳሜ ዋለ። አንቺ እያለሽ በዚያ ቀን በራችን ሳይንኳኳ አይውልም ነበር። ጣፋጩን ታዞሪያለሽ፤ ሰዉ አንቺን «ዕድሜ ይስጥሽ» ይልሻል፣ ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ትኑርልሽ» ይለኛል። አምና ግን፣ ከሞትሽ በአራተኛው ወር፣ መስኮቱን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ዋልኩ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር። ዘንድሮም እንደዚያው ልውል አስቤ ሳለ ታሱላና ጓደኛችን አርጊሮ ተማክረው መጡ።

«ሁለት ቀን ደሴት ሄደን እንተኛለን» አለች ታሱላ። «ማንም የማያውቀን፣ ማንም ስሟን የማይጠራበት ቦታ።»

«እኔ የተራራ ልጅ ነኝ፤ ባሕር አልወድም» አልኩ።

«ማን ውደጂው አለሽ? እያየሽው ትበያለሽ።»

ዓርብ ጠዋት ከፒሬየስ ወደብ ወደ አጊስትሪ ደሴት ተሳፈርን። አርጊሮ ሁለት ዘንቢል ሙሉ ስንቅ ይዛ መጣች፤ የአይብ ጥቅልል፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ሙሉ ሐብሐብ።

«ጦር ሜዳ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለቻት ታሱላ።

«መርከቡ ቢሰጥም ማን ያበላሻል?»

መርከቡ ገና ከወደቡ ሳይወጣ ሦስት እንቁላል በላሁ። ስጠግብ ራሴን ታዘብኩት።

ያረፍነው እትዬ ስታማታ የሚባሉ ባልቴት ጋ ነበር። ታሱላ በስልክ ያልጠየቀቻቸው ነገር የለም፤ ምድጃ አለ ወይ፣ ባሕሩ ይታያል ወይ፣ ዶሮ ሌሊት ይጮኻል ወይ። ግቢያቸው ውስጥ ያለችው ነጭ ጸሎት ቤት በማን ስም እንደተሠራች ግን አልጠየቀችም። እትዬ ስታማታ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ ወጥተው ተቀበሉን።

«ዕድለኞች ናችሁ» አሉ። «ነገ የቅድስታችን በዓል ነው። ጸሎት ቤቷን የሠሯት አያቴ ናቸው። ቅድስት ፔላጊያ።»

ታሱላ ሻንጣዋን እግሯ ላይ ጣለችው። አርጊሮ በሹክሹክታ «ያ ሁሉ ደሴት አልቆ ነው እዚህ ያመጣሽን?» አለቻት።

«ስለ ዶሮው ጠይቄያለሁ» አለች ታሱላ፣ እንባዋ እየመጣ።

በሚቀጥለው መርከብ እንመለስ ተባለ። እኔም ሻንጣዬን አንስቼ ነበር። እትዬ ስታማታ ግን ምንም ስለማያውቁ፣ የበዓሉን አምስት ኅብስት ብቻቸውን ጋግሮ መጨረስ እንዳቃታቸው ነግረው ሊጡን ወደ እኔ ገፉት። አሸሁት። ልጄ፣ እንዴት ያለ ሊጥ መሰለሽ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ።

«እንሂድ እንጂ» አለች ታሱላ ከበር ላይ።

«እጄ ዱቄት ሆኖ መርከብ አልሳፈርም» አልኳት። በዚያው ቀረን።

በማግስቱ ጠዋት ቄሱ መጡ። እንደ ልማዳችን የሰው ስም በሁለት ወረቀት ተጽፎ ተሰጣቸው፤ ባንዱ ሕያዋን፣ ባንዱ ሙታን። ስምሽን ከሙታን ጋር ለመጻፍ እጄ እንቢ እንደሚለኝ ስለምታውቅ የጻፈችልኝ ታሱላ ናት። ቄሱ የሕያዋኑን ወረቀት፣ በጤና እንዲጠበቁ የሚጸለይላቸውን፣ ማንበብ ጀመሩ። «አርጊሮ፣ ላምብሪኒ፣ ፔላጊያ…»

ቀና ስል ታሱላ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ሃያ ስድስት ዓመት ስሜን ከስምሽ አከታትላ ስትጽፍ እጇ ለምዶባት ኖሯል። ቄሱን ልታስቆም ስትነሳ ቀሚሷን ጎትቼ አስቀመጥኳት።

«ተዪያቸው፤ ያንብቡት።»

አሥራ ስድስት ወር ሙሉ ስምሽን ከሙታን ጋር ብቻ ነበር የሰማሁት። ከእኔ ቀጥሎ ሲጠራ እንዴት እንደሚያምር ረስቼው ነበር።

ጸሎቱ እንዳለቀ እትዬ ስታማታ «ፔላጊያ የማናችሁ ናት?» ብለው ጠየቁ።

«የእኔ» አልኩ።

«ትኑርልሽ።»

አሜን ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ታሱላ መሬት መሬት ታያለች። «አርፋለች፣ እትዬ ስታማታ» አልኳቸው። «ግን ዛሬ የስሟ ቀን ነው። ኅብስቱን እኔ ላዙርላት?»

ትሪውን ሰጡኝ። ለበዓሉ ለመጣው አርባ ለሚሆን ሰው አዞርኩ። ሁሉም ቁራሹን እያነሳ «ዕድሜ ይስጥሽ» አለኝ፤ እኔም ባንቺ ፈንታ ተቀበልኩ። ከዚያ ቫዮሊኑ ተነሳ፣ አረቄው ተቀዳ። አርጊሮ ከቄሱ ወንድም ጋር ጨፍራ ጫማዋ ተበጠሰ።

ሞቅ እንዳለን ወደ ባሕሩ ወረድን። አንቺ ስትዋኚ ሁልጊዜ ፎጣ ይዤ ዳር የምቆመው እኔ ነበርኩ። ሆስፒታል ተኝተሽ «እማዬ፣ ከእኔ በኋላ ፎጣ ይዘሽ እንዳትቀሪ» ስትዪኝ፣ ስለ ሞት ታወሪያለሽ ብዬ ተቆጥቼሽ ነበር። እሺ ሳልልሽ ሄድሽ። እሱ ነው እስከ ዛሬ ሲከነክነኝ የኖረው።

ሁለቱ ከውኃው ውስጥ ጠሩኝ።

«የሐዘን ቀሚሴ ነው፤ ጥቁሩ ይለቃል» አልኩ።

«ይልቀቅ፤ ዓሣዎቹም ትንሽ ይዘኑ» አለች ታሱላ።

ሳቄ ሳያልቅ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ፣ እስከ ወገቤ፣ እስከ ደረቴ። ግራና ቀኝ እጄን ያዙኝ፤ ማዕበል መጥቶ እግሬን ከአሸዋው ሲያነሳኝ እንደ ፍየል ጮኽኩ። ለካ ባሕር ሰውን ይሸከማል። ይህን ሁሉ ዓመት አልነገርሽኝም፤ ወይም ነግረሽኝ ፎጣ ሳጥፍ አልሰማሁሽም።

ስንወጣ አርጊሮ እየተንቀጠቀጠች «ፎጣውን ማን ያዘ?» አለች።

ተያየን። ማንም አልያዘም። ዳር ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። ፀሐይ እስኪያደርቀን ሐብሐቡን እየበላን ተቀመጥን።

ለከርሞ በስምሽ ቀን በሬን እከፍታለሁ፤ ጣፋጩንም አዞራለሁ። ታሱላን አትቀየሚያት። አንቺ ላልሽኝም ነገር፣ ዘግይቼ ቢሆንም፣ እሺ ልጄ።

ቀሚሷ ገና ያልደረቀ እናትሽ፣
ላምብሪኒ