ጠብታ ዝም እንዳትል ስላደረጉት ያላሰለሰ ጥረት

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ፣ ዕድሜዎም እንደ ቃለ ጉባኤዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በሕንፃው መግቢያ፣ «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» ከሚለው ማስታወቂያዎ ጎን የምለጥፈው ድፍረት ይዞኝ ሳይሆን፣ በእጅዎ የሰጠሁዎት ሦስት ደብዳቤዎች እስካሁን በኪስዎ አርፈው ስላሉ ዕረፍታቸውን ላለመረበሽ ብዬ ነው።

እኔ አራተኛ ፎቅ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር የሚኖሩት ሴት የእህት ልጅ ነኝ። ባለፈው ዓመት በሥነ ልቦና ተመርቄ፣ ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ ሳደርስ ከርሜያለሁ። የአክስቴ ውሻ ጠብታ ከጫማ ካርቶን እምብዛም አትበልጥም፤ ኮሚቴዎ ግን «ከመጠን በላይ የምትጮህ በመሆኗ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ዝም ትበል፤ አለዚያ ከሕንፃው ትውጣ» ሲል በማኅተም አስታውቆናል። ሐቁን ልናገርና፣ ልክ ነበራችሁ። ጠብታ ደረጃ ለሚወጣ፣ ደረጃ ለሚወርድ፣ ለዘበኛው የቁልፍ ኳኳታ፣ በቴሌቪዥን የአየር ጠባይ ለሚናገረው ሰውዬ ሳይቀር ትጮህ ነበር። ስለዚህ ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም በስምንት ወር ውስጥ የሥራ ድርሻና የጊዜ ገደብ የሰጠኝ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የእርስዎ ኮሚቴ በመሆኑ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሥራዬን በማግስቱ ጀመርኩ። ምድር ቤት ያሉት ልብስ ሰፊ ፋታ ባገኙ ቁጥር እየወጡ በራችንን ያንኳኩልኛል፤ መጀመሪያ በጣት ጫፍ፣ ቀጥሎ በጡጫ፣ በመጨረሻም ደወሉን። ጠብታ ከጮኸች ግድግዳ እንሆንባታለን፤ ቁጣ የለ፣ እሹሩሩ የለ። አንድ እስክቆጥር ብቻ እንኳ ዝም ካለች ጥፍር የምታክል የተቀቀለ ጉበት ታገኛለች። ቀጥሎ እስከ ሁለት፣ ቀጥሎ እስከ አምስት። አክስቴ ከሶፋቸው ሆነው «አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው የውሻ አፍ ለማስያዝ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል፤ ልብስ ሰፊውም ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብለው «እትዬ፣ ይተዉአት፤ እኔ ደንበኞቼን በዚህ መላ ዝም ላሰኝ ብል የአንድ በረት ጉበት አይበቃኝም» ይሏቸዋል። በዘጠነኛው ቀን ደወሉ እየጮኸ ጠብታ ሠላሳ እስክቆጥር ድረስ ዝም አለች። ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴዎ ስለዋለልን ውለታ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በአሥረኛው ቀን «የዝምታ አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ» ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልክ አራት ሰዓት ሲሆን እርስዎ፣ ጸሐፊዋና የጽዳትና ውበት ተጠሪው በራችን ላይ ትሰለፋላችሁ። ይደወላል፤ ጠብታ ዝም። ይንኳኳል፤ ዝም። ሌላ ሰው ቢሆን «ጎበዝ» ብሎ በወረደ፤ እርስዎ ግን ኃላፊነት የሚሰማዎት ሰው ነዎትና ጎንበስ ብለው፣ አፍዎን በቁልፉ ቀዳዳ ላይ ደቅነው፣ «ሃው! ሃው!» አሉ። ጠብታ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጥቂት አሰበችበት፤ ኋላ ግን እንግዳ እያናገራት ዝም ማለት ነውር ሳይመስላት አልቀረም፣ መለሰችልዎ። ቃለ ጉባኤው «ውሻዋ አራት ጊዜ ጮኻለች» ይላል። ሁለቱ የእርስዎ ናቸው። በስሟ ስለመዘገቡላት ጠብታም ታመሰግናለች።

፪. የጸሐፊዋን ርኅራኄም ሳላነሳ አላልፍም። ጠብታ በጮኸች ቁጥር አንጀታቸው አይችልም፤ «በቃ እናቴ፣ በቃ፣ እንኪ» እያሉ በበሩ ሥር ብስኩት ያሾልኩላታል። እኔ ዝም ስትል ሳጎርሳት ኮሚቴው ስትጮህ ያጎርሳታል፤ ከሁለታችን የማንን ትምህርት እንደመረጠች ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። በአሥራ አራተኛው ቀን ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሥር ተቀምጣ፣ እናንተ ሳትመጡ በፊት እየጮኸች ትጠብቃችሁ ጀመር። ሁኔታውን በትሕትና ባስረዳዎት «እኛ ውሻ አናስተምርም፤ እኛ የምናጣራ ነን። አንቺ ዲግሪሽን ይዘሽ ሥራ ፈልጊ» አሉኝ። ምክርዎን ተቀብያለሁ። ነገር ግን አላስተምርም ብለው ካስተማሩ መምህራን ሁሉ እንደ እርስዎ የተሳካለት አላየሁም።

፫. በየጠዋቱ ከግቢው መሐል በድምፅ ማጉያ «ጸጥታ ይከበር!» ስለሚሉልንም እንዲሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው አራስ ሕፃን ትምህርቱን ከእርስዎ ቀስሞ፣ ወዲያው ነቅቶ፣ ጸጥታን በዚያው መጠን ሲያስከብር ይውላል።

፬. አሥራ ዘጠነኛው ቀን ላይ ስደርስ ግን ማሽሟጠጡ እንኳ ያቅተኛል። የበሩን ሥር በጨርቅ ጠቅጥቄ ብስኩቱን ካስቀረሁ አራት ቀን ሆኖ ነበር፤ ጠብታም ወደ ልቧ ተመልሳ ነበር። እኔ በዚያ ጠዋት ለሥራ ፈተና ወጥቻለሁ። አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ማሽኖች መሐል ቆመው ሠርተው፣ ጆሯቸውን እዚያው ትተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ደወል አይሰሙም። ደጃፍ ላይ ሰው መቆሙን የሚያውቁት ጠብታ ፊታቸው መጥታ ስትዘልና ስትጮህ ሲያዩ ብቻ ነው። ያን ቀን ጠብታ እንዳስተማርኳት ጸጥ ብላ ተቀመጠች፤ አክስቴም ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ሹራባቸውን መሥራት ቀጠሉ። በራሳችሁ ቃለ ጉባኤ መሠረት ሰባት ጊዜ ደወላችሁ፤ አንድም ጩኸት አልሰማችሁም። ታዲያ ምን ተጻፈ? «የውሻዋ ባለቤት ሆን ብለው በር ባለመክፈት ኮሚቴውን ስለናቁ፣ ውሻዋ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከሕንፃው ትውጣ።» ብትጮህ በጩኸቷ፣ ዝም ብትል በዝምታዋ! ጠብታ የውሻ ሕግ እንጂ የኮሚቴ ሕግ አልተማረችም፤ ምን ታድርግ?

እርግጥ ጥፋቱን ሁሉ ለእርስዎ ብሰጥ ስግብግብ አደርግዎታለሁ፤ የእኔም ድርሻ አለበት። ውሻዋን ፈጽሞ ዝም ማሰኘትን እንደ ጀብዱ ይዤ ስሯሯጥ፣ የአክስቴን ጆሮ እየደፈንኩ መሆኔ አልታየኝም። የሄድኩበት ፈተና ከቀናኝ ከሰኞ ጀምሮ ቀን ቀን ቤት አልውልም። ጠብታም ከሄደች፣ ጎረቤት ቢመጣ፣ ሐኪም ቢላክላቸው፣ ምድር ቤት እሳት ቢነሳ፣ ለአክስቴ የሚነግራቸው የለም። ስለዚህ ካለፈው ዓርብ ወዲህ አዲስ ትምህርት ጀምረናል፤ ደወል ሲደወል ሁለት ጊዜ ብቻ መጮህ፣ ሄዶ የአክስቴን ጉልበት በእግር መንካት፣ ከዚያ ዝም። ሁለት ጊዜ ብቻ! ከእርስዎ የመክፈቻ ንግግር በብዙ ያጠረ ነው።

ነገ ዓርብ ነው። የሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ፣ ከሃያ አራቱ ቤቶች ግማሹ በፊርማ ከተቃወመ የኮሚቴው ውሳኔ ይሻራል ይላል፤ ደንቡን ያጸደቁት እርስዎ እንጂ ያነበቡት እርስዎ ስላልሆኑ ላስታውስዎ ብዬ ነው። እስካሁን አሥራ አንድ ቤት ፈርሟል። አንድ ይቀረናል፤ ተስፋ መቁረጥን ዩኒቨርሲቲ ስላላስተማረኝ ዛሬም ደረጃውን ስወጣና ስወርድ ውያለሁ።

ውድ ጊዜዎን በደጃፋችን ቆመው ስላሳለፉልን፣ ወገብዎንም በቁልፍ ቀዳዳችን ፊት ስላጎነበሱልን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የማይነጥፈው ትጋትዎ ዘወትር የሚያስደንቃት፣
የአሥራ ሰባት ቁጥሯ የእህት ልጅ፣
የጠብታ ሁለተኛ መምህርት (አንደኛው እርስዎ ነዎት)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጨርሼ ልለጥፍ ስነሳ ደወል ተደወለ። ጠብታ ሁለት ጊዜ ጮኸች፤ ሄዳ ጉልበት ነካች፤ ዝም አለች። አክስቴም ተነሥተው በራቸውን ራሳቸው ከፈቱ። የቆሙት ባለቤትዎ ነበሩ። «ቤቱ የሁለታችንም ነው» ብለው፣ ለአምስት ቁጥር፣ ማለትም ለእርስዎ ቤት፣ አሥራ ሁለተኛውን ፊርማ አኑረዋል። ምን እንዳስፈረማቸው ብጠይቃቸው ጠብታን አየት አድርገው፣ «እሷስ ሁለቴ ብላ ታቆማለች» አሉኝ።