ከሻምበል ጋር የተጣላሁባቸው ዓመታት

ጥር 6
ሦስት ቁጥሯ የፈትል ማሽን ዛሬም ቆመች። ቀበቶ ቀየርኩላት፤ እምቢ። ዘይት አጠጣኋት፤ እምቢ። ሰደብኳት... ተነሣች። ምሳ ላይ የጥበቃው ሰው መጣና፣ "ሻምበል አረፉ" አለኝ። ከጦርነት መልስ ይህን የብርድ ልብስ ፋብሪካ አሥራ ስምንት ዓመት የመሩት ሰውዬ። እኔ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኜ አሥራ ስምንቱንም ዓመት የተጣላኋቸው። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር!
"ነፍስ ይማር" አልኩ። ዳቦዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ለምን?

ጥር 9
ባለቤታቸው አስጠሩኝ። በመታሰቢያው ቀን የምትናገረው አንተ ነህ አሉኝ!
"ሌላ ሰው ብለው ይሆናል" አልኳቸው።
"አንተን ነው። 'ያ አፈኛ ይናገር፤ ሌላው ያሞጋግሰኛል' ብሎ ተናዟል።"
ሞተውም አልተዉኝ።

ጥር 10
ለሚስቴ ነገርኳት። እስኪያስላት ሣቀች። "እንግዲህ የት ትገባ!"
እውነቷን ነው። ባሞግስ፣ ሠራተኛው "ተሸጠ" ይለኛል። ብነቅፍ፣ ሙት ወቃሽ።

ጥር 12
አንድ ገጽ ጻፍኩ። ቀደድኩ። ስለ ጦርነቱ ምን አውቃለሁ? አንድ ቀን ብቻ ጠይቄያቸው ነበር። "አርባ ሰው ይዤ ሄድኩ፤ አሥራ አንድ ይዤ ተመለስኩ" አሉ። ከዚያ ስለ ጥጥ ማውራት ጀመሩ።

ጥር 14
አድማው ትዝ አለኝ... ብቻዬን ሣቅሁ። በሩ ላይ ሸራ ወጥረን ተቀምጠናል። ዝናብ መጣና ሸራው ከነውሃው አናታችን ላይ ወረደ። ሻምበል ከቢሮ ወጡ። ሊያባርሩን ነው ስንል፣ ኮታቸውን አወለቁ።
"ድንኳን እንዲህ ነው እንዴ የሚተከለው? አንተ፣ ያን ገመድ ሳበው! እናንተ ቦይ ቆፍሩ!"
ቀጥ አድርገው ተከሉልን። የጥበቃ ተራ ሳይቀር መደቡልን።
"እንግዲያው ጥያቄያችንን ይቀበሉና..." ስላቸው፣
"እሱን እንኳ አልቀበልም" ብለው ጭቃቸውን እያራገፉ ገቡ።
እሳቸው በተከሉት ድንኳን አምስት ቀን ጨመርን! በስድስተኛው እሳቸውም ትንሽ፣ እኛም ትንሽ ለቀቅን።

ጥር 17
ባለቤታቸው ዘንድ ተመለስኩ። "የሠራተኛ አውቶቡሱን ያስቀሩብንን ነገር ማንሣቴ አይቀርም፤ እንዳይቀየሙኝ" አልኳቸው። ያን ዓመት ስንቱን አልኩ! በሰው ፊት "ልብዎ ድንጋይ ነው" ብያቸዋለሁ። እሳቸውም መኪናቸውን ትተው በእግር ሲመጡ፣ "ለታይታ ነው" ብዬ ሰው አሥቄባቸዋለሁ።
ሴትዮዋ፣ "ቦርዱ እኮ ስልሳ ሠራተኛ ቀንስ ብሎት ነበር" አሉ። "'ሁለተኛ ሰው አላጎድልም' አለና አውቶቡሱን አስቀረ። የራሱንም መኪና።"
"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"
"ከስልሳው ውስጥ ያንተም ስም ነበረበት። 'ብነግረው አፉን ይዘጋል፤ አፉ ደግሞ ያስፈልገኛል' አለኝ።"
ታክሲ አልያዝኩም። እስከ ቤት በእግሬ።

ጥር 20
ተናገርኩ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። ድንኳኑን ሳወራ ሣቁ፤ ባለቤታቸውም በመሐረባቸው ተሸፍነው ሣቁ። ከዚያ ወረቀቴን አጠፍኩ።
"ስለ አውቶቡሱ ተሳስቼ ነበር።"
የስልሳውን ነገር ነገርኳቸው፤ የራሴንም ስም። ከኋላ አንዷ ፈታይ፣ "እኔስ ነበርኩበት?" አለች።
"ከራሴ ሌላ አላውቅም። ዝርዝሩን ቀደውታል ብለውኛል ባለቤታቸው።"
ሰው ሁሉ ጎንና ጎኑን አየ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ጥር 28
አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ የጓንት ጥያቄ ይዤ ገባሁ። ሦስት ቀን የተዘጋጀሁበት ክርክር። ገና "እንደሚታወቀው..." ስል፣ "ተፈቅዷል" አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝም።
ለሠራተኛው ነገርኩ፤ አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። እንዲያው ለወጉ እንኳ አንዴ እምቢ አይለኝም? ከማን ጋር ነው እንግዲህ የምጣላው?