የድዋይትን ጠበቃ ስለመመኘት

ለተከበሩ የአውራጃችን የሞግዚትነት ችሎት ዳኛ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይ የአእምሮ ጤና፣ እርሱ ሲታማ ምን እንደሚከተል አሁን አውቃለሁና። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዕድሜዬን በሙሉ በሜን ግዛት ባሕር ዳርቻ ያን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ፣ ሎብስተርን፣ ሳጠምድ ኖሬአለሁ። የቦስተኑ የእህቴ ልጅ ግራንት «አክስቴ አእምሮዋን ስታለች፣ ሞግዚቷ ልሁን» ያለውን አቤቱታ ባለፈው ወር በትዕግሥት ስላዳመጡልኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

አንደኛ፦ የግራንት ማስረጃ «ያጠመደችውን፣ ያውም ትልልቁን፣ መልሳ ባሕር ስትጥል በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ነው። እውነት ነው። እንቁላል ያዘለች ሎብስተር ስትወጣ ጅራቷን ለምልክት ሸርፈን እንመልሳታለን፤ አባቴም እንዲህ ያደርግ ነበር፣ ሕጉም ይኸው ነው። ይህን ላስረዳ ብነሳ ስለ ሎብስተር መለፍለፌ የበሽታዬ ምልክት ሆኖ ተመዘገበልኝ።

ሁለተኛ፦ ጎረቤቴ ድዋይት የእነዚያኑ እናቶች እንቁላል በብሩሽ ፍቆ እያስወገደ ሎብስተሮቹን ሲሸጥ ተያዘ። ገና እጁ ሳይደርቅ፣ ሳይጠይቅ፣ ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ተነግሮት አንዲት ጠበቃ ተመደበችለት። ክቡር ሆይ፣ ቀናሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ እንኳ በማንም ሴት እንዲህ አልቀናሁም። ድዋይት ሲናገር ራሷን እየነቀነቀች ትጽፋለች፤ እኔ ስናገር የሚጻፈው የበሽታ ስም ነው። ወደብ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «እማማ ዊኒ፣ እርስዎም ይስረቁ እንጂ! ጨዋነት መቼ ጠበቃ ያቆማል?» እያለ ይስቅብኛል።

ሦስተኛው ጥፋት የራሴ ነው። ችሎቱ የላካት መርማሪ ቤቴ መጥታ «የሚያስፈልግዎ ነገር አለ?» ብትለኝ «ምንም አልጎደለኝም» አልኳት፤ እዚህ ጣሪያው እየነደደ እንኳ ሰው የሚመልሰው ይህንኑ ነው። እርሷም «ጠበቃ አያስፈልጋትም» ብላ ጻፈች። ለድዋይት መብቱን ነገሩት፤ እኔን ግን እንደ እንግዳ «ልጨምርልዎ?» አሉኝ፣ በይሉኝታ በቃኝ አልኩ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ግራንት ከረታ ጀልባዬ ትሸጣለች፣ እኔም አረጋውያን ማቆያ እገባለሁ። ፈርቻለሁ። ስለዚህ ይሉኝታዬን ጥዬ እለምናለሁ፦ ጠበቃ ይመደብልኝ።

እስከ ሐሙስ ድረስ በገዛ እጇ መፈረም የተፈቀደላት፣ ለችሎትዎ ዕድሜ የምትለምን፣

ዊኒፍሬድ ቢል

ማስታወሻ፦ ጠበቃ ከታጣ፣ ጓዳዬ ባልዲ ውስጥ እንቁላል ያዘለች ሎብስተር አስቀምጫለሁ፤ ረቡዕ ጠዋት የባሕር ጥበቃውን ራሴ ጠርቼ እያዛለሁ። የድዋይትን ጠበቃ ይላኩልኝ። ሎብስተሯን ግን አደራ፣ ወደ ባሕር ይመልሷት፤ እርስዎን ማንም አብደዋል አይልዎትም።