እታገኝ ቦዩን የዘለለች ዕለት

ሰኞ

ታኬታዋን ከሻንጣ አላወጣችም። ልብሷን አጥባ አስጥታለች፣ ሽቶዋን መስኮቱ ላይ ደርድራለች፣ ታኬታው ግን በፌስታል እንደታሰረ ነው። ታናሽ እህቴ እታገኝ ቤት ከመጣች ጀምሮ ኳስ ስትነካ አላየኋትም። የብሔራዊ ቡድን አጥቂ! አማን ከተማ ውስጥ ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባ የሚነፋላት ልጅ!

ጉልበቷን የተጎዳችው ታንዛንያ ስትጫወት ነው። ቀኝ ጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ ድነሻል ብሏታል፤ እሷ ግን አላመነችውም።

ዛሬ አሠልጣኟ ደወለች። ብሔራዊ ቡድኑ ካምፕ ሊገባ ነው፤ እስከ ቅዳሜ መልስ ትፈልጋለች። እታገኝ "ላስብበት" ብላ ዘጋችው። እኔ በልቤ እምቢ በያት አልኩ። እንደገና አልጋ ላይ ተኝታ ማየት አልፈልግም።

ማክሰኞ

ጠዋት ሚዛን ሜዳ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ባለባጃጁ ሂሳብ አልቀበልም አለ። "ከእታገኝ ተቀብዬ የት ልገባ ነው?" ሲል ሳቀች። ከመጣች የመጀመሪያ ሳቋ።

ቀጥታ ስትሮጥ ግሩም ናት። ችግሩ መዞር ላይ ነው። ቆም ትላለች፣ ጉልበቷን ታያለች፣ ከዚያ እንደ አሮጊት ቀስ ብላ ትዞራለች። "እትዬ፣ ድሮ እግሬን አዘዋለሁ፣ ይሄዳል። አሁን መልሶ ይጠይቀኛል" አለችኝ። ሙዝ ገዝቼላት ተመለስን።

ረቡዕ

እማዬ ጀንፈሏን፣ ያልተፈለፈለ ቡናዋን፣ ስታገላብጥ ዋለች። ግቢው በሙሉ ቡና ነው። እታገኝ ኳስ የተማረችው እዚሁ ነው፤ በስጦቹ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ። ኳሱ ቡናው ላይ ከወጣ እማዬ ትወርሰዋለች፣ ቡናው እስኪደርቅ ድረስም አትመልስም። ስለዚህ ልጅቷ ኳስ ከእግሯ አትለይም ነበር። ከዚያ የትምህርት ቤት ቡድን፣ ከዚያ አዲስ አበባ ክለብ፣ ከዚያ የአገር ማሊያ፣ ከዚያ ውጭ አገር። ከዚች መተላለፊያ ተነስታ!

በቴሌቪዥን ሁለት ተከላካዮች መሃል ሾልካ ስታልፍ ጎረቤቱ ሁሉ ይጮኻል። እማዬ ግን "ቡናዬን አልረገጠችም" ብላ ትቀመጣለች።

ሐሙስ

የልብስ ሱቄ ውስጥ አብራኝ እንድትሠራ ነገርኳት። እሺ ብላ መጣች። ደንበኛው ሁሉ አብሯት ፎቶ ተነስቶ ሄደ፤ አንድ ቀሚስ እንኳ አልሸጥንም። ማታ ፌስቡክ ላይ የለጠፏቸውን ፎቶዎች አየሁ። በአንዱም አልሳቀችም። እዚህ አስቀርቻት ምን ላደርጋት ነው?

ዓርብ

ፀሐይ ነበር። ደመናው በሸኮ በኩል መቼ እንደመጣ አላወቅንም። እማዬ "ኧረ ስጡን! ስጡን!" ብላ ስትጮኽ ሁላችንም ተሯሯጥን። ማስጫው ግቢውን ከሚያቋርጠው ቦይ ማዶ ነው፤ መሻገሪያው አንዲት ጣውላ ብቻ። እማዬ ሸራዋን ታቅፋ ጣውላው ላይ ደርሳ ሚዛኗን ስትፈልግ ቆማለች። እታገኝ ሙሉ ሸራ ቡና ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከኋላዋ መጣች። መንገድ የለም። በቆመችበት እጥፍ ብላ ዞረች፣ በስጦቹ መካከል ሮጠች፣ ቦዩን ዘለለችው! ሸራውን በረንዳ ላይ ጥላ ደግሞ ተመለሰች። ደግሞ ዘለለች።

ቡናው ተረፈ። በረንዳ ላይ ፀጉሯን ስታደርቅ "በየትኛው እግርሽ ነው የዘለልሽው?" አልኳት።

ቦዩን አየችው። እኔን አየችኝ። "እኔ እንጃ" አለች።

ዝም ብል ትቀርልኝ ነበር። አልቻልኩም።

"በቀኙ ነው። ሁለቴም በቀኙ። አይቼሻለሁ።"

ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እማዬ ቡናው የረጠበ መስሏት ደነገጠች።

ቅዳሜ

ለአሠልጣኟ ራሷ ደወለች። "እመጣለሁ" ብቻ። ታኬታውን ከፌስታል አውጥታ ጠረገችው፤ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዋለ። እኔ በየደቂቃው አየዋለሁ። ኩራቱም ፍርሃቱም አንድ ላይ ያዘኝ።

እሑድ

ከሚዛን መናኸሪያ ሸኘናት። እማዬ አላለቀሰችም። "ሰው እንዳይረግጥሽ" አለቻት።

ቤት ስንገባ ቦዩን ሄጄ አየሁት። ለካ ሰፊ ነው! ማንም ሳያየኝ ልሞክረው ብዬ፣ ያውም ባዶ እጄን፣ ተንደርድሬ ዘለልኩ። ጭቃው ውስጥ ነው የተገኘሁት። እማዬ ከበረንዳ "አንቺን ደግሞ ለየትኛው ቡድን ጠሩሽ?" አለችኝ።

ማታ መልእክት መጣ፦ "ገባሁ እትዬ። ነገ ልምምድ አለ።"

ጉልበቷ ሜዳ ላይ ይከዳት ይሆን? አላውቅም። የእኔ ግን አብጧል።