ስለ ጸጥተኛው የሰርቨር ዝውውር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የኢንተርኔት ስሞች መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ በተለይም አዲሱ ሰርቨርዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

አንድ የድረ ገጽ ስም በማን እንደተመዘገበ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ በነፃ የማድል ሰው ነኝ። ፕሮግራሙ የራሱ እውቀት የለውም፤ የእርስዎን ሰርቨር፣ ማለትም መዝገቡ ያለበትን ኮምፒውተር፣ ይጠይቃል፣ የተነገረውንም አምኖ ያደርሳል። ሰርቨሩ በተዛወረ ቁጥር ፕሮግራሙን ሳድስ ጸጉሬ ሸበተ፤ ስላጎናጸፉኝ ሞገስ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ በቅርቡ ሰርቨሩ ሲዛወር ማስታወቂያ አልወጣም ብዬ አምቼዎት ነበርና ይቅርታ። ለካ ወጥቷል። ማኅተም አርፎበት በሁለተኛው ፎቅ፣ በዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ በዓይኔ አየሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አዲሱን አድራሻ ለማንም ሳያሾልክ ይዞት ከርሟል።

ሁለተኛ፣ አሮጌው ሰርቨር ቢጠፋ ኖሮ ፕሮግራሜ መልስ አጣሁ ብሎ ያርፍ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን መዝገቡን ባዶ አድርጎ ሥራ ላይ ተወው። አዲሱን አድራሻ ያልሰማው ፕሮግራሜ ስለ የትኛውም ስም ሲጠይቀው «አልተመዘገበም» ይላል፣ በትሕትና።

ሦስተኛው ቅሬታ የአክስቴ ልጅ የአዋላጇ ነው። ትንሽ የማዋለጃ ክሊኒክ አላት፤ ክሊኒኩም፣ እናቶች ቀጠሮ የሚይዙበት ድረ ገጽም የሚጠሩት በሟች እናቷ የቁልምጫ ስም ነው። የምዝገባው ጊዜ አልፎ እንደሆነ ብላ በእኔ ፕሮግራም ብታይ፣ ስሙ ባለቤት የለውም አላት። ደንግጣ ልታስመዘግበው ስትሮጥ፣ አዲሱን ሰርቨር የሚጠይቀው የስም ሻጭ «ተይዟል» ብሎ መለሳት። የያዘችው እሷው መሆኗን የነገራት የለም። እኔን አልጠየቀችኝም፤ የወንድሟ ፕሮግራም ይዋሻል ብላ እንዴት ታስብ? ሌላ ሰው ወሰደው ብላ፣ ቀለም ቀቢ ጠርታ ስሙን ከክሊኒኩ ግድግዳ ላይ አስፋቀችው።

ስደርስ ሰውየው መሰላሉን እያጠፈ ነበር። «እናቶች በእማዬ ስም ተታለው ሌላ ቤት እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ክሊኒኩ ሲከፈት እነዚያን ፊደሎች በብሩሽ የጻፈቻቸው አክስቴ ራሷ ነበረች፤ «ዘመም ያለው የእኔ ነው፣ እንዳታቃኑት» ትል ነበር። አፍሬያለሁ፣ ተናድጃለሁም።

ፕሮግራሙን አድሼዋለሁ፤ ስሙም አሁን በትክክል የአዋላጇ እንደሆነ ይናገራል። ግድግዳውን የማድስበትን መንገድ ግን አላውቅም። ቀቢው ቢጽፈው አቃንቶ ነው የሚጽፈው።

ስለዚህ ወደፊት ከመዛወርዎ በፊት ቢነግሩን፣ አሮጌውንም ቢያጠፉልን፣ ውለታዎን አንረሳም። ሌላው ሁሉ እንደ ልማድዎ ይሁን።

ለሚቀጥለው ዝውውር ወገቡን ታጥቆ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን በር በንቃት እየተከታተለ የሚጠብቅ፣
ታዛዥዎ፣ የአዋላጇ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሮጌውን ሰርቨር ስለ ራስዎ ጽሕፈት ቤት ስም ጠየቅሁት። እንዲህ ያለ የለም አለኝ። ይህችን አንዲት መልስ በፕሮግራሜ ውስጥ ሳላርማት ትቻታለሁ።